እግረኛው ቀድሞ እዚያ ነበር

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ክምር ድንጋይን አልፎ፣ የጉናን ትከሻ ታክኮ ወደ ነፋስ መውጫ በመኪና የሄደ ሰው የገበያ ቀን ከገጠመው አስፋልቱ የመኪና እንዳልሆነ ይገባዋል። ግራና ቀኙን እግረኛ ይዞታል። ዶሮ በጉያዋ ያቀፈች፣ በግ የሚጎትት፣ የተጫነች አህያ ከፊቱ የሚነዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት፣ ደብተሩን የጠቀለለ ተማሪ። ሾፌሩ ክላክስ በክላክስ ያደርገዋል፤ አህያዋ ግን ንቅንቅ አትልም።

ወገዳ ስል ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ማለቴ ነው። ከጉና ደጋ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ፣ ሸለቆ የሸነሸነው አገር ነው። ወላጆቼ የታች ጋይንት ሰዎች ናቸው። እኔ ምህንድስና ተምሬ አዲስ አበባ ኮድ በመጻፍ ነው የምኖረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቦታ ቦታ ያለውን ርቀት የሚያሰላ ፕሮግራም ስሠራ፣ ለሙከራ ብዬ የአባቴን የትውልድ መንደርና አርብ ገበያን አስገባሁ። ፕሮግራሙ አስቦ አስቦ «መንገድ የለም» አለኝ። አባቴ በልጅነቱ በየሳምንቱ አርብ አርብ የተመላለሰበት መንገድ! ጥፋቱ የስሌቱ አልነበረም። የተጠቀምኩበት ካርታ የሚያውቀው መኪና የሚሄድበትን ብቻ ስለነበረ ነው። ካርታው ውስጥ እግረኛ የሚባል ፍጡር የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ከተማን ከእግረኛው ተነሥቶ የሚያሰላ ሰው ኖሮ እንደሆነ መፈለግ የጀመርኩት። ፍለጋው ዙሪክ ወስዶ፣ ሳላስበው፣ ደቡብ ጎንደር መለሰኝ። ግን ወደ ዙሪክ ከመሄዳችን በፊት አገሩን በደንብ ማየት አለብን፤ አለበለዚያ ፕሮፌሰሩ ይዘውት የመጡት ነገር ምን እንደሆነ አይገባንም።

የከተሞቻችንን ስም ልብ ብሎ የሰማ ማን እንደቆረቆራቸው ያውቃል። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ነው። ወደ ጣና ሲጠጉ ደራ ውስጥ ሐሙሲት አለ። ወደ ጎንደር ሲቀርቡ ማክሰኚት። ወሎና ሸዋ ሲሻገሩ ደግሞ ቆቦ ሮቢትና ሸዋ ሮቢት። አገሩ የተከተመው በቀን መቁጠሪያ ነው ማለት ይቻላል። ንጉሥ የቆረቆረው ከተማ አለ፤ ደብረ ታቦርን ራስ ጉግሣ ነው የመሠረቱት፣ ቤተ መንግሥትና ሠራዊት ነው ያቆመው። እነ አርብ ገበያን ግን ያቆማቸው የገበያተኛ እግር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የተጫነች አህያ በሰዓት ቢበዛ አራት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ገበያው ረፋድ ላይ ይቆማል፣ ከቀትር በኋላ መበተን ይጀምራል። ጅብ ሳይወጣ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው ከገበያው ከሁለት ከሦስት ሰዓት መንገድ በላይ መራቅ አይችልም። ስለዚህ በገበያና በገበያ መካከል ያለው ርቀት በአህያ ጉልበትና በፀሐይ ይወሰናል። ቀኑም እንዲሁ በዘፈቀደ አልወጣም። የጎረቤት ገበያዎች በአንድ ቀን ከቆሙ ይሻማሉ፤ ቀናቸው ከተለያየ ግን አንድ የጨው ወይም የአቡጀዲ ነጋዴ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳል።

ዊልያም ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1949 ሲቹዋን ውስጥ ሆኖ ይህንኑ በቻይና ገበሬዎች ዘንድ አጥንቷል። ጥናቱን በ1964 እና በ1965 ሲያሳትም ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የገበሬው ዓለም መንደሩ አይደለም፤ በእግሩ የሚደርስበት ገበያና ያ ገበያ የሚሰበስባቸው መንደሮች ሁሉ ናቸው። ሚስት የሚያገባው ከዚያ ነው፣ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው፣ ዕዳውም ያለው እዚያ ነው። ለጋይንት ሰው ይህ ግኝት አይደለም። ለእኔ ግን ነበር፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተር የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ግራፍ» የሚባል ነገር ይማራል፦ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች። የአባቴ አገር ግራፍ ነው። ነጥቦቹ በካርታ ላይ አሉ፤ መስመሮቹ ናቸው የሌሉት።

በዚህ መረብ ላይ መንኮራኩር የመጣበት ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። በጋይንት ደጋ ለመንኮራኩር ተብሎ የተጠረገው ስመ ጥሩ መንገድ የተሠራው ለእህል ወይም ለሰው አልነበረም፤ ለመድፍ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ይዘው ተነሡ። ከተማዋን ራሷን አቃጥለው ነው የወጡት። መንገድ አልነበረም፤ መድፉ እየተጎተተ መንገዱ ከፊቱ ይሠራ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ገደል እያስናዱ፣ የጂዳንና የበሽሎን በረሃ ወርደው ወጥተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች ሳይቀሩ በመንገዱ ሥራ ተደንቀዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ቻይናዎች መጡ። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን፣ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የምንለውን፣ በደርግ ዘመን ሠርተው ሄዱ።

የቻይና መንገድ ብዙ ነገር አድኗል፤ በድርቅ ጊዜ እህል የሚገባው በእሱ ነው። ነገር ግን የከተሞቹንም ቅርጽ ቀይሯል። በፊት ከተማ ክብ ነበር፦ መሀሉ ገበያ፣ ዙሪያው ቤት፣ ከየአቅጣጫው የሚገባ የእግር መንገድ። ከአስፋልቱ በኋላ ከተማ እንደ ገመድ ረዘመ። ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጋራዡም ከአስፋልቱ ዳር ካልሆነ አይሆንለትም። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር ሲሄዱት ያደክማል፤ ከኋላ ግን ሁለት መቶ ሜትር ገባ ካሉ ማሳ ነው። ነፋስ መውጫን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዙሪክ።

ፒተር ባቺኒ ኬሚስት ነው። ሥራውን የጀመረው በስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ ሲያጠና ቆይቶ ወደ ቆሻሻ ጥናት ተሻገረ። ቆሻሻ ያጠና ሰው መጨረሻው ከተማ ነው። ከተማ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይጥላል፤ ስለዚህ እንደ አንድ ሐይቅ ሊለካ ይችላል። ባቺኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፖል ብሩነር ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ መሠረት አስያዘው። የሰውን ኑሮ በአራት ተግባር ጠቀለሉት፦ መመገብ፣ ማጽዳት፣ መኖርና መሥራት፣ መጓጓዝና መገናኘት። ለእያንዳንዱ በዓመት በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ዕቃ፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ኃይል እንደሚሄድ ቆጠሩ። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ማንንም አለመስበካቸው ነው። መኪና ክፉ ነው አላሉም፤ ብቻ ቆጠሩ።

ፍራንዝ ኦስቫልድ ደግሞ አርክቴክት ናቸው፤ በዙሪኩ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኢቴሃ በሚባለው፣ የከተማ ነድፍ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሁለቱ በ1990ዎቹ ተገናኝተው አብረው ሠሩ። የኬሚስትና የአርክቴክት ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይሰምርም፤ አንዱ ቁጥር፣ ሌላው ቅርጽ ይፈልጋል። እነዚህ ግን የጋራ ችግር ነበራቸው። የስዊዘርላንድ መካከለኛ ሜዳ በዚያን ጊዜ ከተማም ገጠርም መሆኑ ቀርቶ ነበር። ትናንሽ ከተሞች በአውራ ጎዳና ተዘርግተው፣ ተነካክተው፣ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የማይታወቅ አንድ ትልቅ ዝርክርክ ነገር ሆነዋል። የድሮውን «መሀል ከተማና ዳር» የሚለውን ሥዕል ይዞ ይህን መንደፍ አይቻልም።

መልሳቸው «ኔትስሽታት» ነው፤ በአማርኛ መረብ ከተማ እንበለው። በ1998 መጀመሪያ፣ በ2003 ደግሞ በሰፊው በመጽሐፍ አወጡት። ከተማ ማለት ነጥቦችና ማገናኛዎች ናቸው። ነጥብ ማለት ሰውና ዕቃ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ይህ መረብ ከቤት ጀምሮ ሰፈር፣ ከሰፈር ከተማ፣ ከከተማ አውራጃ እያለ በየደረጃው ይደጋገማል። መሬቱን ደግሞ በስድስት ይከፍሉታል፦ ውሃ፣ ደን፣ እርሻ፣ መኖሪያ፣ መሠረተ ልማትና ጠፍ መሬት። ከስድስቱ አንዱን ሳይቆጥሩ ከተማ መንደፍ አይፈቀድም። እርሻና ደን የከተማው አካል ናቸው እንጂ «ከከተማ ውጭ» አይደሉም። የአንድ መረብ ከተማ ጥሩነት የሚለካው በአምስት ነገር ነው፤ ሰው የእኔ ነው ይለዋል ወይ፣ ልዩ ልዩ ነገር አለበት ወይ፣ ጊዜ ሲለወጥ ይለወጣል ወይ፣ ራሱን ምን ያህል ይችላል፣ ያለውን ሀብት እንዴት ይጠቀማል። አራተኛው ላይ እንቆይ። ራሱን የሚችል ከተማ ውሃውን፣ ማገዶውንና ምግቡን ከቅርብ የሚያገኝ ነው፤ ቅርብ ማለት ደግሞ ዞሮ ዞሮ እግር የሚደርስበት ማለት ነው። በእግር ስለሚኬድበት ከተማ የሚያወሩ ብዙዎች ከእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይጀምራሉ። እነዚህ ግን ከውሃና ከእንጨት ተነሥተው ነው እግረኛው ጋ የደረሱት።

እንግዲህ አስቡት። ይህን መጽሐፍ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሳነብ በዓይኔ የሚመጣው የስዊዘርላንድ ሜዳ አይደለም፤ አርብ ገበያ ነው። ነጥብ፣ ማገናኛ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ስብስብ፣ እርሻን ከከተማ የማይለይ ኑሮ። ሰዎቹ ስዊዘርላንድ ያጣችውን ነገር ለመመለስ በሒሳብ የደከሙለት፣ እኛ ዘንድ በአህያ ተሠርቶ ቁጭ ብሏል።

ፕሮፌሰር ኦስቫልድ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት። ጊዜው ኢቴሃና አዲስ አበባ የተቀራረቡበት ነበር። በ1947 ዓ.ም. ከስዊድን ጋር የተመሠረተው የድሮው የሕንፃ ኮሌጅ፣ ኢያብሲ ተብሎ በአዲስ መልክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ዳይሬክተር ዲርክ ሄበል ከዚያው ከዙሪክ ነበር የመጣው። ኦስቫልድ ከስዊዘርላንዱ ፒተር ሼንከር፣ ከአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ከአርክቴክት ዘገየ ቸርነት ጋር ሆነው ኔስታውን የተባለውን ቡድን ፈጠሩ።

መነሻቸው ይህ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አገሪቱ ወደ 73.9 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ ከመቶው 84 ያህሉ በገጠር። አማራ ክልል ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ፣ ገጠሬው ከመቶ 87 የሚደርስ። ይህ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይጨምራል፣ መሬቱ ግን አይጨምርም። ትርፉ ወጣት ወዴት ይሂድ? አዲስ አበባ አይችለውም። ስለዚህ ሰው ወደ ከተማ ከሚሄድ ከተማ ወደ ሰው ይምጣ፤ ትንሽ፣ በእግር የሚዞሩት፣ ውሃውንና ኃይሉን ራሱ የሚያገኝ፣ እርሻውን ያልተወ። ሥነ ምህዳር፣ ኃይል፣ ልውውጥና ትምህርት የሚሉ አራት ምሰሶዎች አቆሙለት። ከክልሉ መንግሥት ጋር ተስማምተው ለሙከራ የመረጡት ቦታ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለችውን ቡራን ነው። ስሟንም ቡራኔስት አሉት።

የቡራ ቤቶች ዋና ቁም ነገር ጣሪያው ነው። ለየብቻ የቆመ ጎጆ ሳይሆን ቤቶች ተደርድረው አንድ ጣሪያ ይጋራሉ፤ ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ ሰብስቦ ወደ ጋራ ማጠራቀሚያ ያወርዳል። ባለ ፎቅ ናቸው፣ ምክንያቱም መሬት መቆጠብ አለበት፤ የታቆጠበው መሬት ለጓሮ አትክልት ይሆናል። ውቅሩ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ምርጫ በራሱ ታሪክ አለው። የድሮ ነገሥታት መናገሻቸውን ከቦታ ቦታ ያዛወሩበት አንዱ ምክንያት ማገዶ ማለቁ ነበር፤ ምኒልክም አዲስ አበባን ትተው አዲስ ዓለም ሊገቡ ተነሥተው ነበር፤ አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ገበሬው ባሕር ዛፍን እንደ ባንክ ነው የሚያየው፤ ሲቸግረው ቆርጦ ይሸጣል። ሲሚንቶና ብረት ከሩቅ ከማስመጣት ከደጅ ያለውን እንጨት መያዝ የባቺኒ ሒሳብ ነው፣ በአማርኛ ሲተረጎም።

በዚያው ሰሞን ኢያብሲ ግቢ ውስጥ እነ ሄበል ከአፈር የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አቁመው ነበር፤ ሱዱ ይባላል። ሐሳቡ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

የቡራ ሥራ በዝግታ ነው የሄደው። ምክንያቱን ሳስብ እኔ ከበሬው ላይ ነው የምቆመው። ይህ የራሴ አስተያየት ነው። ገበሬ ቤቱን ከማሳው አጠገብ የሚሠራው ከተማ ስለማያውቅ አይደለም፤ በሬው፣ ሞፈር ቀንበሩ፣ ጥበቃው፣ ፍግ መዝራቱ ሁሉ እዚያ ስለሆነ ነው። ከተማ ገብቶ ሲኖር ወደ ሱቅና ወደ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ያጥራል፣ ወደ ማሳው ያለው ግን ይረዝማል። በእግር የሚኬድበት ከተማ ለማን እግር ነው? ለልጅቷ ነው ወይስ ለአባትየው? ለልጅቷ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ነው። ለአባትየው አዝመራ ሲደርስ ጦጣ የሚጠብቅበት ማሳ ሩቅ ሆኗል።

ይህ ነገር ደግሞ ታሪክ አለው፣ መጥፎ ታሪክ። ደርግ በ1978 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ያስፋፋው የመንደር ምሥረታ ገበሬውን ከተበታተነ ጎጆው አውጥቶ በመስመር አሰፈረው። የተነገረው ምክንያት ዛሬ ከምንሰማው ብዙም አይርቅም፤ ውሃ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት በአንድ ቦታ ማቅረብ። ሰው ግን በግድ ነበር የተሰበሰበው፣ ክሊኒኩ ብዙ ቦታ አልመጣም፣ ማሳው ራቀ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ቁጥጥሩ ሲላላ ገበሬው በየቦታው ቤቱን እያፈረሰ፣ ቋሚና ማገሩን እየተሸከመ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ቡራን ከዚያ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ነው፤ ቡራ በፈቃድና በማኅበር የታሰበ ነው። ግን ቡራ ላይ «ከተማ እንሥራ» ተብሎ ሲነገር የሚሰማው ሽማግሌ በጆሮው የሚያቃጭለው የትኛው ድምፅ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ንድፉን የሠሩት አገር በቀል ባለሙያዎችም ስለነበሩበት ይህን ሳያስቡት አይቀሩም።

አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። እዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ ደስ ብሎን ወጣን፤ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግርና የብስክሌት ስትራቴጂ አወጣ፤ ቀጥሎ አገር አቀፉ መጣ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ የብስክሌት መስመር ተሠመረ። በዚያው ሥራ ግን ፒያሳም ካዛንቺስም የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ፓሪስ ውስጥ የአሥራ አምስት ደቂቃ ከተማን ሐሳብ በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካርሎስ ሞሬኖ በሮቦትና በኮምፒዩተር ሳይንስ ያደገ ሰው ነው፤ ስለዚህ እንደ ሙያ ጓደኛ እሰማዋለሁ። የእሱ ሐሳብ የሚለካው በንጣፉ ስፋት አይደለም፤ ከቤትህ ተነሥተህ ሥራህ፣ ገበያህ፣ ሐኪምህ ጋ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን፣ ከፒያሳ ተነሥታ ከተማው ጫፍ የሰፈረች ጉሊት ቸርቻሪ ያማረው የእግረኛ መንገድ ምኗም አይደለም። ድሮ በእግሯ የምትደርስበትን ዛሬ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው።

ወደ አገሬ ልመለስ። ቡራ ነጥብ ነው የሠራው። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን መረቡ እዚያው አካባቢ ድሮም ስለነበረ ጎድሎ የነበረው ነጥብ ይሁን ማገናኛ እያልኩ አስባለሁ። ለዚህ ምስክር የማደርገው እስቴንና ጎጃምን የሚለየው ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ነው። በአጼ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በኖራና በድንጋይ የቆመ ድልድይ ነው። የጎንደርን ሰው ከሞጣ ጋር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። በወገቡ ገመድ ይታሰራል፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት ይጎትቱታል፤ ከሥሩ ዓባይ ይፎክራል። የወደቀ ወድቋል። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም፤ ዘመድ ማዶ ነው፣ ገበያ ማዶ ነው፣ ጠበል ማዶ ነው።

ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ መጽሔት ላይ የእነዚያን ሰዎች ፎቶ አየ። ሰው አሰባስቦ መጣ፤ ብረቱና ሲሚንቶው በአህያና በሰው ትከሻ ወርዶ በ2002 ክፍቱ ተደፈነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በኋላ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ይህ ሥራ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው ድርጅት መነሻ ሆኖ ድርጅቱ ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። ከተማ አልተሠራም፣ ማንም ከቤቱ አልተነሣም፤ አንድ መስመር ነው የተቀጠለው። በግራፍ ቋንቋ ስናገር፣ ሁለት የተቆራረጡ መረቦች በአንዲት መስመር አንድ ሆኑ። የኦስቫልድና የባቺኒ መጽሐፍ ማገናኛ ከነጥብ እኩል ክብደት እንዳለው ደጋግሞ ይናገራል። እኔ ይህን አንብቤ ሳይሆን ስለ ሰባራ ድልድይ ሳውቅ ነው በትክክል የገባኝ።

ታዲያ ከመስመሮቹ መጀመር አለብኝ አልኩና አባቴ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከመንደሩ እስከ አርብ ገበያ ያለውን በቃሉ አስነገርኩት። የሾላውን ዛፍ፣ ወንዙን፣ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውን ቁልቁለት፣ አቋራጩን፣ ክረምት ላይ አቋራጩ ሲጠፋ የሚዞሩበትን። እኔ በሳተላይት ፎቶ ላይ ጣቴን እያስከተልኩ አሠመርኩ። ቀጭኗ መንገድ ብዙ ቦታ ትታያለች፤ እግር ያስለሰለሰው መሬት ከላይ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው። ሲያልቅ ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አለ።

«ልክ ነው፣ አባየ?» አልኩት።

«መሄጃው ልክ ነው» አለኝ። «መመለሻውስ?»

ፕሮግራሙ ለመመለሻውም ያንኑ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር የሰጠው። አባቴ ሣቀብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ስትመለስ እኮ ዳገት ነው። ጨውም ተሸክመሃል።»